ይህቺ «ሥ» የትኛዋ ናት? ጽሑፍን በጆሮ ማረም እንዴት ይቻላል?

ስልኬ ጠራ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ ናት። ሕግ ተምራ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት።

«አቦ፣ ማመልከቻዬን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እይልኝ። ‹ሥራ› ብዬ የጻፍኩት በየትኛው ‹ሥ› ነው?»

ከፍቼ አየሁት። ሁለት ቦታ በንጉሡ ሠ፣ ሦስት ቦታ በእሳቱ ሰ ጽፋዋለች። «ሕግ» የሚለውም አንዴ በሐመሩ ሐ፣ አንዴ በሃሌታው ሀ ሆኗል። ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«እኔ እኮ አምስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዳመጥኩት። ሁሉም ልክ ነበር።»

እውነቷን ነው። ኮምፒውተሯ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ነው የሚያነብላት። ማመልከቻውን የሚቀበለው ሰው ግን በዓይኑ ነው የሚያየው። «ፊደል እንኳን አታውቅም» ሊላት ይችላል። ነገሩ ከነከነኝ። «አሁን እኮ ኮምፒውተሩ ያነብላቸዋል» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም እል ነበር። ሲነበብ መስማትና ጽሑፍ ማረም ግን በጣም ይለያያሉ።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ

ቴክስት ኤዲተር ማለት ጽሑፍ የምንጽፍበትና የምናርምበት ፕሮግራም ነው። ኖትፓድ ትንሹ ነው፤ ዎርድ ብዙ ነገር የተጨመረበት ዘመዱ ነው። ፕሮግራመሮች ኮድ የሚጽፉባቸው እነ ቪኤስ ኮድም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ስክሪን ሪደር ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚናገር ሌላ ፕሮግራም ነው። እኛ አገር ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠሯቸው ሁለት ናቸው፤ ጃውስና ኤንቪዲኤ። ጃውስን በ1989 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ቴድ ሄንተር ነው። ሄንተር የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር፤ ዓይኑን ያጣው በ1978 በመኪና አደጋ ነው። ጃውስ በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ ዋጋውም ለአንድ ተማሪ አይቀመስም። ኤንቪዲኤ ግን በነፃ ነው። በ2006 ሥራውን የጀመረው ማይክል ከራን ነው፤ ጄምስ ቴህ ደግሞ አብሮት ሠራ። ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው፣ ሁለቱም ዓይነ ስውራን። ጓደኛዬ የምትጠቀመው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ ፊደሉን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ክፍል። ስክሪን ሪደሩ «ይህን ተናገር» ይለዋል፣ እሱ ይናገራል። ሦስቱ የተለያዩ መሆናቸውን አስታውሱልኝ። አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ካነበበላት ምን ጎደለ?

ጽሑፍን ከላይ እስከ ታች ሲነበብ መስማት ባጃጅ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ከከዚራ ተነስታችሁ፣ ደቻቱን ተሻግራችሁ መጋላ ትደርሳላችሁ። አንዷን ሱቅ የምትፈልጉ ከሆነ ግን መውረድ አለባችሁ። በጠባቡ መንገድ ገብታችሁ በር በበር እየቆጠራችሁ ነው የምታገኟት። ማረም ማለት እንዲህ ነው። ከሙሉ ገጽ ውስጥ አንዷን ፊደል ማግኘት፣ መለወጥ፣ መለወጧንም ማረጋገጥ።

ዓይን ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ከርሰሩ (የምንጽፍበትን ቦታ የሚያሳየው መስመር) የት ብልጭ ድርግም እንደሚል ያያል። አንቀጹ መርዘሙን ያውቃል። ቃሉ ሥር ቀይ መስመር ካለ ስህተት እንዳለ ይገባዋል። ጆሮ የሚቀበለው ግን አንድ በአንድ ነው፤ የሰማውም ወዲያው ያልፋል። ያልተነገረ ነገር ለጆሮ የለም።

ስለዚህ እያንዳንዷ ቁልፍ ስትመታ የሆነ ነገር መነገር አለበት። ፊደል ሲጻፍ ፊደሉ። ስፔስ ሲመታ ያለቀው ቃል። በቀስቱ ወደ ታች ሲወረድ መስመሩ። ወደ ጎን ሲኬድ ፊደሉ። ኮንትሮል ተይዞ ወደ ጎን ሲኬድ ሙሉ ቃሉ። መስመሩ ባዶ ከሆነ «ባዶ»።

እኔን በጣም የገረመኝ ማጥፋት ነው። ባክስፔስ ሲመታ የሚነገረው የጠፋው ፊደል ነው። ሳይነገር ከጠፋ ምን እንደጠፋ ማወቂያ የለማ። ዲሊት የሚለው ቁልፍ ግን ከከርሰሩ ፊት ያለውን ስለሚያጠፋ፣ የሚነገረው በቦታው የመጣው ፊደል ነው። ደግመህ ብትመታ የሚጠፋው እሱ ነውና።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ስታርም አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። «ማመልልከቻ» ብላ ጽፋለች፤ አንድ ል ተርፋለች። በቀስቱ ከቃሉ መጀመሪያ ተነሳች። «ማ»፣ «መ»፣ «ል»፣ «ል»። ጣቷ ሁለተኛዋ ላይ ቆመ። ዲሊት መታች። «ከ» አላት። አለቀ። ሦስት ሰከንድ አይሞላም። እኔ ስህተቱን በዓይኔ ገና እየፈለግሁ ነበር።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ አይነገርም። ኮንትሮልና ዜድን ይዛችሁ የሠራችሁትን ስትመልሱ ብዙ ፕሮግራም ምን እንደተመለሰ አይናገርም። የጠፋው አንቀጽ ነው የተመለሰው ወይስ አንድ ነጥብ? አንድ ቃል ፈልግልኝ ስትሉትም መጨረሻ ደርሶ እንደገና ከላይ ሊጀምር ይችላል። ዓይን ገጹ ሲዘል ያያል። ጆሮ ግን ካልተነገረው ወደፊት እየሄደ ይመስለዋል።

ፕሮግራሙ ለምን ዝም ይላል?

ዱሮ ሥራው ቀላል ነበር። በዶስ ዘመን ስክሪኑ በአግድም 80 ፊደል፣ በቁመት 25 መስመር ነው። ሲባዛ 2000 ቦታ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ የትኛው ፊደል እንዳለ ሜሞሪው ውስጥ ተጽፏል። ስክሪን ሪደሩ ከዚያ ማንበብ ብቻ ነበረበት።

ከዚያ ዊንዶውስ መጣ፤ ስክሪኑ ሥዕል ሆነ። እኛ «ሀ» ስናይ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የጥቁርና የነጭ ነጠብጣብ ነው። የዚያን ዘመን ስክሪን ሪደሮች ፕሮግራሙ «እዚህ ጋ ‹ሀ› ሳል» ብሎ ሲያዝ ትዕዛዙን መንገድ ላይ እየጠለፉ ነበር የሚሠሩት። ብዙ ጊዜም ይሳሳቱ ነበር።

ዛሬ መንገዱ ሌላ ነው። መጋዘን አስቡ። ውስጥ ያለውን ዕቃ ለማወቅ በመስኮት ማጮለቅ ይቻላል፤ ይሻላል የሚባለው ግን የመጋዘኑን መዝገብ መጠየቅ ነው። ማይክሮሶፍት በ1997 ለፕሮግራሞች እንዲህ ያለ መዝገብ አዘጋጀ፤ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ መጥቷል፣ ሌሎቹ ኩባንያዎችም የየራሳቸው አላቸው። ኤዲተሩ በመዝገቡ ላይ «ጽሑፉ ይህ ነው፣ ከርሰሩ እዚህ ነው፣ የተመረጠው ከዚህ እስከዚያ ነው» ብሎ ያስመዘግባል። ስክሪን ሪደሩ ያንን ጠይቆ ይናገራል።

አንድ ፕሮግራመር ጽሑፉን በራሱ መንገድ ስክሪን ላይ ስሎ መዝገቡን ባዶ ከተወው፣ ለሚያይ ሰው ፕሮግራሙ ያምራል። ለማያይ ሰው ዝም ያለ ቤት ነው። ብዙ አዲስ ኤዲተር ዓይነ ስውራንን የሚያስቀረው በክፋት አይደለም። ለፕሮግራመሩ መዝገብ እንዳለ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። እንደ ቪኤስ ኮድ ያሉት ግን ለስክሪን ሪደር የተለየ አሠራር አላቸው፤ መስመሩ ላይ ስህተት ካለ አጭር የምልክት ድምፅ ያሰማሉ። ኤንቪዲኤም በበኩሉ፣ ከታዘዘ፣ የኮዱ መስመር ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ቀጠን የሚል ቃና ያሰማል። ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚያ አንድ ስፔስ መሳት ፕሮግራሙን ያበላሻል።

ኤዲተሩ ራሱ ቢናገርስ?

ይህን የጠየቀ ሰው አለ። ቲ. ቪ. ራማን ይባላል። ሕንድ ተወልዶ በ14 ዓመቱ ዓይኑን ያጣ የኮምፒውተር ሊቅ ነው። ኢማክስ የሚባል የቆየ ኤዲተር አለ፤ ራማን እሱን የሚያናግር ኢማክስፒክ የሚባል ሥራ በ1995 አወጣ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ስክሪን ሪደር ከውጭ ቆሞ ያየውን የሚያወራ ሰው ነው። ኤዲተሩ ግን ውስጡ ያለውን ያውቃል። ለምሳሌ ስክሪኑ ላይ የወር መቁጠሪያ ቢኖር፣ ከውጭ ያለው «1፣ 2፣ 3፣ 4» እያለ የቁጥር ሰልፍ ያነባል። መቁጠሪያውን የሠራው ፕሮግራም ግን ዕለቱ ሐሙስ መሆኑን ያውቃል። ታዲያ ለምን «ሐሙስ፣ 12ኛው ቀን» ብሎ በቀጥታ አይናገርም?

አሠራሩ ደግሞ የሱቅ በር ላይ ቃጭል እንደ ማሰር ነው። በሩን ማንም አልነካውም። ግን በተከፈተ ቁጥር ቃጭሉ ይጮሃል። ራማንም የኢማክስን ትዕዛዞች አልቀየራቸውም። «ወደሚቀጥለው መስመር ውረድ» የሚለው ትዕዛዝ ላይ «ከወረድክ በኋላ መስመሩን ተናገር» የሚል አሰረበት። «አጥፋ» ላይም እንዲሁ፣ «ፈልግ» ላይም እንዲሁ። ኮዱ ውስጥ ያለ ማስታወሻ በአንድ ድምፅ፣ ትዕዛዙ በሌላ ድምፅ ይነበባል። እኛ በቀለም የምንለየውን እሱ በድምፅ ለየው።

ጉዳቱ፣ ይህ የሚሠራው በዚያ ኤዲተር ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ባንክ ሄዳችሁ ቅጽ ስትሞሉ አይከተላችሁም። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ስክሪን ሪደሩ አይቀሬ ነው። እኔ ግን ከራማን ሥራ ትልቁ ትምህርት ይታየኛል፤ ድምፅ መጨመር ማለት ስክሪኑን ማስነበብ ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚያውቀውን እንዲናገር ማድረግ ነው። አማርኛ ላይ ስንደርስ የጎደለን ይኸው ነው።

ድምፁ ለምን እንደ ሮቦት ይሆናል?

ጓደኛዬ የምትሰማው ድምፅ ኢስፒክ ይባላል። በነፃ ነው፣ አማርኛም ይናገራል። ለአዲስ ሰው ደረቅ ነው፣ ይጎረብጣል። ሰው ይጠይቃታል፤ «እንዴት ቻልሽው?»

መልሱ ፍጥነት ነው። ልምድ ያለው ሰው ከተራ ንግግር በሁለት፣ በሦስት እጥፍ አፍጥኖ ነው የሚሰማው። ደረቁ ድምፅ ሲፈጥን አይድበሰበስም። ቁልፍ ስትመታም ወዲያው ይመልሳል፣ ሌላ ስትመታ ደግሞ ወዲያው ያቆማል። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት ያማሩ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ የሚመጡት ግን በኢንተርኔት ነው። ረጅም ጽሑፍ ለማዳመጥ ደስ ይላሉ። ፊደል በፊደል ለሚያርም ሰው ግን ኔትወርክ ጠብቆ የሚመጣ «ል» ምን ያደርጋል?

አማርኛ ሲሆን ምን ይከብዳል?

ብዙ ነገር። መጀመሪያ የጓደኛዬን ችግር ልጨርስ። «ሀ» የሚለውን ድምፅ የሚሰጡ ፊደላት ስንት ናቸው? ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ስድስት። ለድምፁ ስድስቱም አንድ ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። «ያው አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። በግዕዙ ግን ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፣ ሰአለ ደግሞ ለመነ። ዛሬ በአማርኛ ትርጉሙ ባይምታታ እንኳን፣ በሠ መጻፍ ፈልጎ በሰ የጻፈ ሰው ምን እንደጻፈ የማወቅ መብት አለው።

የሚገርመው መፍትሔው ከጥንት ጀምሮ አለን። የኔታ ዘንድ የቆጠረ ሰው ያውቀዋል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ፊደሎቹን በጆሮ ለመለየት የወጣላቸው ስም ነው። ሌላው ዓለም በስልክ ስምን ፊደል በፊደል ሲናገር የሚጠቀምበትን ዘዴ እኛ በቃል ይዘነዋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ አላስገባነውም እንጂ።

ሁለተኛው አጻጻፉ ነው። ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው አማርኛ የምንተይበው። «ኤስ» ስንመታ «ስ» ይመጣል። ቀጥለን «ኢ» ስንመታ ኪቦርዱ «ስ»ን አጥፍቶ «ሰ»ን ይተካል። ዓይን የሚያየው የመጨረሻውን ነው። ስክሪን ሪደሩ ካልተስተካከለ ግን ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ እያለ መሃል መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ሊለፈልፍ ይችላል። መነገር ያለበት «ሰ» ብቻ ነው።

ሦስተኛው አራት ነጥብ ነው። ይህን ስሰማ አፈርኩ፤ እኔም ስለማደርገው። ትክክለኛው አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ ያልፋል። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም። ለኮምፒውተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ ድምፁ ትንፋሽ ሳይወስድ ወደሚቀጥለው ሊሮጥ ይችላል። ሙሉ ገጽ እንዲህ ሲነበብ አስቡት።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና ነኝ» የሚባለው? «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው ወይስ ዋናው ነገር? ፊደላችን አያሳይም፤ ድምፁም አንዳንዴ ያጠብቃል አንዳንዴ ያላላል። ይህን ግን ሰሚው ከአገባቡ ይረዳዋል። ብዙ አያስቸግርም።

ከሁሉ የሚከፋው የቆዩ ፎንቶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲኑን ፊደል ወስደው የአማርኛ መልክ አለበሱት። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይታያል፤ ውስጡ ያለው ግን የማይገናኝ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ውስጡን ነው። በዚያ ፎንት የተጻፈ የቆየ ፋይል ዛሬም በየቢሮው አለ። በፎቶ የሚለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያማ ተዉት። ፎቶ ውስጥ ፊደል የለም፣ ቀለም ብቻ ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ አለ

የኛ ከተማ ሰው በአንድ መልእክት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይቀላቅላል። አማርኛው በግዕዝ ፊደል ስለሆነ ለኮምፒውተሩ ግልጽ ነው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ግን ሁለቱም በላቲን ነው የሚጻፉት። ስክሪን ሪደሩ ላቲን ሲያይ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ይመስለዋል።

በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) «ኤክስ» የሚባለው ፊደል «ጠ» ነው። ደብዳቤ በኦሮምኛ «ጠለያ» ነው፤ ሲጻፍ በኤክስ ይጀምራል። የእንግሊዝኛው ድምፅ «ዘለያ» ምናምን ብሎ ያልፈዋል። ያው ፊደል በሶማሊኛ ሲሆን ደግሞ ከጉሮሮ የሚወጣው ሐ ነው። አንድ ፊደል፣ ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት ድምፅ። ዎርድን በመሰለ ፕሮግራም ውስጥ ቃሉ ላይ «ይህ ኦሮምኛ ነው» ተብሎ ምልክት ሊደረግበት ይችላል፤ ስክሪን ሪደሩም ለቋንቋው ድምፅ ካለው ይቀይራል። ኖትፓድ ላይ ግን ምልክት ማድረጊያ የለም። ጓደኛዬ እንግሊዝኛ የመሰለውን ኦሮምኛ በልምድ ነው የምትፈታው። «ለምጄዋለሁ» ትላለች። መልመዷ ያሳዝነኛል።

ለሠና ለሰ ምን አደረግን?

ኤንቪዲኤ ውስጥ የምልክት አነባበብ የሚስተካከልበት ቦታ አለ። አንድ ምልክት ትሰጡታላችሁ፣ ምን ብሎ እንዲጠራው ትጽፋላችሁ፣ መቼ እንደሚናገረውም ትመርጣላችሁ። «ፊደል በፊደል ሲነበብ ብቻ» የሚል ምርጫ አለው። ጽሑፉ በሙሉ ሲነበብ አይረብሽም ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳቢያን ሄድኩ። ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ በሩን ከፍተን ተቀመጥን። እሷ አንድ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን አድርጋለች፣ በሌላው እኔን ትሰማለች። ስንቆጥር ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ከነዘራቸው ሰባት ሰባት፣ 35 ፊደል ሆኑ። ሃና ኣን ጨመርን፣ 37። ራብዖቹ (እንደ ሃና ሓ ያሉት አራተኞቹ) ከግዕዞቹ (ከመጀመሪያዎቹ) ጋር እንዳይምታቱ «ራብዕ» የሚል አስገባንባቸው። እኔ ፊደሉን እያየሁ ስነግራት እሷ ጻፈች። አንድ ሰዓት አልፈጀብንም።

ጨርሰን ማመልከቻዋን ከፈተች። በቀስቱ «ሥራ» የሚለው ቃል ላይ ደረሰች።

«ንጉሡ ሥ» አላት ኮምፒውተሩ።

ወደሚቀጥለው ወረደች። «ስ» ብቻ አላት። ዲሊት መታች፣ አስተካከለች፣ ተመልሳ አዳመጠች። «ንጉሡ ሥ።» እኔን አልጠየቀችኝም። ሌሎቹን ሁለቱንም ራሷ አገኘቻቸው፤ ከዚያ ወደ «ሕግ» አለፈች።